ለጨዋታ ስንል የምንከፍተው በር

ክረምት ገብቶ ወደየቤታችን በምንበተንበት ጊዜ፤ ማታ ማታ እርስ በርሳችን ከምንገናኝባቸው መንገዶች አንዱ የኢንተርኔት ጨዋታ ሆኗል። ከመካከላችን አንዱ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የማይንክራፍት ሰርቨር ያቆማል፤ ሌሎቻችን ካለንበት ሆነን እንገባለን። አሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ታናናሾቻችን የሚያጠኑበት፤ ወላጆቻችንም በስልካቸው ገንዘብ የሚልኩበት መሥመር ያው አንዱ ራውተር ስለ ሆነ፤ ለጨዋታው ብለን የምንከፍተው በር የቤቱም በር ነው። ስለዚህ በሩ እንዴትና እስከ ምን ድረስ መከፈት እንዳለበት ጥቂት ለማስረዳት ፈለግን።

በመጀመሪያ የራውተርን ሥራ እንመልከት። በቤት ውስጥ ያሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች በውጭ የሚታወቁት በአንድ አድራሻ ነው፤ በውስጥ ግን እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የግል ቁጥር አላቸው። ራውተሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ከውስጥ መልእክት ሲወጣ ማን ወዴት እንደ ላከ በመዝገቡ ይጽፋል፤ መልሱም ሲመጣ ለላኪው ያደርሳል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ግን በመዝገቡ ስለማይገኝ ከደጅ ይመለሳል። ጓደኞቻችን ወደ ሰርቨራችን መግባት የሚያቅታቸው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲገቡ ካስፈለገ፤ በ25565 ቁጥር ፖርት የሚመጣውን ሁሉ ወደ እገሌ ኮምፒዩተር አሳልፍ ብለን ዘበኛውን ማዘዝ አለብን፤ ይህም ፖርት ፎርዋርዲንግ ይባላል። ዘበኛውም ሁሉን አሳልፍ ከተባለ ሁሉን ያሳልፋል እንጂ ጓደኛን ከሌባ አይለይም።

አድራሻችንን ከጓደኞቻችን በቀር ማን ያውቀዋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለውን ፕሮግራም ባወጡ ጊዜ፤ አንድ ኮምፒዩተር ፈጣን መሥመር ካገኘ፤ አራት ቢሊዮን የሚያህሉትን የቀድሞውን ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻዎች በአንድ ፖርት በኩል ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ መጨረስ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ የፖርቱን ቁጥር መለወጥ ጫጫታውን ይቀንስ እንደ ሆነ ነው እንጂ መከላከያ አይሆንም።

ከዚህ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባው ምሳሌ የተገኘው ከእንደ እኛ ያለ ተማሪ ነው። በአሜሪካ የረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፓራስ ጃ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሁለት ወጣቶች ጋር ሆኖ ሚራይ የተባለውን ተንኮለኛ ፕሮግራም ሠራ። ይህ ፕሮግራም ጥበብ የበዛበት አልነበረም። ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች እየፈለገ፤ ስድሳ ያህል የታወቁ ቃላትን ይሞክርባቸዋል፤ በር ከተከፈተለትም መሣሪያውን ወታደሩ ያደርገዋል። ከተጠቁት መካከል በተወዳዳሪ ሰዎች የተቋቋሙ የማይንክራፍት ሰርቨሮች ይገኙባቸዋል። ፕሮግራሙ በይፋ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ሌሎች ተጠቅመውበት፤ ጥቅምት 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት አቋርጧል። ጃ የገዛ ዩኒቨርሲቲውን መሥመር ደጋግሞ በማጥቃቱ በ2018 8.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበታል። የዚያ ጦር ወታደሮች ግን ባለቤቶቻቸው ምንም የማያውቁ የቤት ዕቃዎች ነበሩ።

እንግዲህ ሥራው ከራውተሩ ይጀምራል። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በረጅምና በአዲስ ቃል መለወጥ፤ ፈርምዌር የሚባለውን የውስጥ ፕሮግራም ማደስ፤ ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችለውን ክፍል መዝጋት ያስፈልጋል። ዩፒኤንፒ የሚባለውም ቢዘጋ ይሻላል፤ ይህ በቤት ያለ ማናቸውም ፕሮግራም ባለቤቱን ሳይጠይቅ በር እንዲያስከፍት የሚፈቅድ ነውና። ቀጥሎ ለጨዋታው ኮምፒዩተር የማይለወጥ የውስጥ ቁጥር፤ ለምሳሌ 192.168.1.50፤ ሰጥተን 25565ን ብቻ ወደ እርሱ እናሳልፋለን። አልሠራ ሲል ተናዶ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ዲኤምዜድ በሚባለው ክፍል ማስቀመጥ፤ አንድ መስኮት እንቢ ቢል ግድግዳውን እንደ ማፍረስ ነው።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ሁሉ ነገር የሚያርፈው ከበሩ ጀርባ ባለው ፕሮግራም ላይ ነው። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሎግ4ሼል የተባለው ጉድለት ሲገለጥ፤ በማይንክራፍት መጨዋወቻ ላይ አንዲት የተንኮል መሥመር የጻፈ ሰው ሰርቨሩን በእጁ ሊያደርግ እንደሚችል ታወቀ። ራውተሩ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሞ ሳለ ማለት ነው። እርማቱ በ1.18.1 እትም ወዲያው ወጣ፤ የጠቀመው ግን ሰርቨሩን ያደሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩን ማደስ፤ ሙሉ ሥልጣን በሌለው የኮምፒዩተር መለያ ማስኬድ፤ የተጋባዦችን ስም ዝርዝር ዋይትሊስት በሚባለው ክፍል መጻፍ፤ የገቢዎችንም ማንነት የሚያረጋግጠውን ኦንላይን ሞድ አለመዝጋት ግዴታ ነው። ኦንላይን ሞድ ከተዘጋ ማንም የተጋባዥ ስም ተውሶ ይገባል።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ተደርጎም ማንም አይገባም። ራውተሩ በውጭ በኩል የተሰጠው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፤ መሥመር ሰጪው ድርጅት አንዱን አድራሻ ለብዙ ቤቶች አካፍሎታል ማለት ስለ ሆነ፤ በራሳችን ራውተር ላይ ብንደክም ዋጋ የለውም። እንዲህ ሲሆን ቴይልስኬልን የመሰለ ፕሮግራም በየኮምፒዩተራችን ጭነን በመካከላችን የግል መሥመር መዘርጋት ይቻላል። እንደ እውነቱ ከሆነ አምስት ስድስት ለምንሆን ጓደኞች ከሁሉ የምንመርጠው ይህንኑ ነው፤ ለዓለም የሚከፈት ፖርት አያስፈልገውምና።

ፖርት የከፈተ ሰው ግን ጨዋታው ሲያልቅ ትእዛዙን ከራውተሩ ይሰርዝ። መዘጋቱን ለማረጋገጥም ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ አውጥቶ፤ በሞባይል ዳታ ሌላ ኮምፒዩተር አገናኝቶ፤ ከጨዋታው ውስጥ የቤቱን የውጭ አድራሻ ይሞክር፤ ሰርቨሩም እየሠራ ሳለ መልስ ካጣ በሩ ተዘግቷል።