ቀፎ ሰቃዩ በምን ላይ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ መቱ አካባቢ ንብ አናቢ ነኝ። ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ ስወጣ የምቀመጥበት ገመድ ጭኔን ይቆርጠኛል፤ እግሬም ይደነዝዛል። በምን ልተካው?

መልስ፦ ጥፋቱ የገመዱ ቅጥነት ነው። ክብደትዎ በሙሉ በአንድ ጣት ስፋት ላይ ሲያርፍ ደም እንደ ልቡ አይዘዋወርም። ችላ አይበሉት፤ የደነዘዘ እግር ሲወርዱ ቅርንጫፍ ይስታል። ቢያንስ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው፣ ጠርዙ ታጥፎ የተሰፋ የናይለን ቀበቶ ይፈልጉ። ስፖንጅ ያለው ገበያ ላይ ሲነኩት ያታልላል፤ በኢሉባቦር ዝናብ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። እኔ ብሆን ሸራ ደራርቤ አሰፋበታለሁ። ጣውላ ለመቀመጥ ደህና ነው፤ ሲረጥብ ግን ያዳልጣል። ፀሐይ ያነጣውን አሮጌ ቀበቶ በነፃ ቢሰጡዎት እንኳ አይቀበሉ፤ ናይለን በፀሐይ ይደክማል።

ማር የሚቆረጠው በሌሊት ስለሆነ መቆለፊያው በጨለማ በእጅ ዳሰሳ የሚገኝ ይሁን። መጀመሪያ ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተንጠልጥለው ይሞክሩት።

መቀመጫው ምንም ያህል ቢመች ከመውደቅ አያድንም። ወገብዎን ከግንዱ ጋር የሚያስር ሌላ ጠንካራ ገመድ ሳይዙ እባክዎ አይውጡ።