ፈጣኑን ወንበር ምረጡ

ከሚዛን አማን፣ ከቴፒ ወይም ከበበቃ ተነስታችሁ ዛሬ ዴንቨር፣ ካልጋሪ ወይም ኦስሎ የምትኖሩ ወጣቶች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የበረዶው ወቅት ሲገባ የሥራ ባልደረቦቻችሁ «ቅዳሜ ስኪ እንሂድ» ይላሉ። እናንተም «የቡና አገር ልጅ በረዶን ከየት ያውቀዋል» ብላችሁ ትቀራላችሁ። እባካችሁ አትቅሩ! ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው በቁልቁለቱ ነው፤ ቀድሞ የሚገጥመው ግን ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ነው። ሊፍትን መልመድ ደግሞ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

እንዲያውም የሊፍቱ ወንበር ከሙዝ አገር ሰው ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1936 ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ በአይዳሆ ሰን ቫሊ የተሰኘውን የስኪ ሥፍራ ሲከፍት፣ ሰውን ወደ ተራራ የሚያወጣ መላ ይፈልግ ነበር። መላውን ያመጣው ጄምስ ከራን የተባለ መሐንዲሱ ነው። ከራን ቀደም ሲል የሙዝ ዘለላ በኬብል ላይ እየተንጠለጠለ መርከብ ላይ የሚጫንበትን ዘዴ ያውቅ ነበር። መንጠቆውን አወጣና በምትኩ ወንበር ሰቀለ። ሙከራው የተካሄደው ኦማሃ ከተማ ውስጥ፣ ያውም በበጋ፣ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ሳትኖር ነው። ወንበሩን ከጭነት መኪና ጎን አሰሩት፤ ሰዎችም ጎማ ያለው ጫማ አድርገው ቆመው እየተቀመጡበት ስንት ፍጥነት እንደሚመች ለኩ። በዓለም የመጀመሪያው ባለወንበር ሊፍት እንዲህ ተወለደ። በረዶ የሌለበት አገር ልጅ መሆን ለዚህ ነገር እንቅፋት አይደለም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የእኛውን ሮቤል ተክለማርያምንም አስታውሱ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ ከዚያም በ2010 ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አገር ቤት ሲሆን ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። የእሱ ውድድር በራስ ጉልበት ዳገት የሚወጣበት የረጅም ርቀት ስኪ ነው። እናንተን ግን ኬብሉ ያወጣችኋል!

ለመጀመሪያው ሰዓት የሚበቃችሁ ማጂክ ካርፔት የሚሉት ነው፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ በዝግታ የሚሄድ የጎማ ምንጣፍ። ስኪያችሁን ወደ ፊት አቅንታችሁ መቆም ብቻ ነው። ጫፍ ስትደርሱ ቶሎ ከመውጫው ራቁ፣ ከኋላችሁ ሰው አለ።

ቲ-ባር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከላይ ካለው ኬብል የሚወርድ፣ የተገለበጠ ቲ የሚመስል ዘንግ ነው፤ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ከወገባቸው በታች ደግፎ ይጎትታል። መቀመጫ ስለሚመስል ጀማሪ ይቀመጥበታል፣ ወዲያውም ይወድቃል። አትቀመጡ፤ ቁሙና ይጎትታችሁ። በሐምሌ ዝናብ የሚዛንን የጭቃ ዳገት የወጣ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል፤ ጉልበቱን የገተረ ይንሸራተታል፣ ያላላ ጸንቶ ይሄዳል። ከወደቃችሁ ዘንጉን ልቀቁና ከመስመሩ ቶሎ ውጡ።

አሁን ወደ ባለወንበሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። በአንደኛው ወንበሩ ከኬብሉ ጋር ተቆራኝቶ በሰከንድ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል፤ እናንተ ጋ ሲደርስም ፍጥነቱ ያው ነው። ሁለተኛው ከመሬት ሲያዩት ያስፈራል፤ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይበራል። ነገር ግን ጣቢያ ሲገባ ወንበሩ ከፈጣኑ ኬብል ይላቀቅና እንደ ሰው እርምጃ ይዘገያል፣ ተሳፋሪው ከተቀመጠ በኋላ ኬብሉን መልሶ ይይዛል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚቀልለው የሚያስፈራው ነው። አሠራሩን ያላወቀ ሰው ዝግተኛውን መርጦ ይቸገራል፤ ያወቀ ፈጣኑ ላይ ዘና ብሎ ይቀመጣል።

ስትሳፈሩ ሁለቱንም የስኪ ዱላ በአንድ እጅ ያዙ፤ ቦርሳችሁን ከጀርባ አውርዳችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉ። መሳፈሪያው ምልክት ላይ ቁሙና ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ወንበሩን ተመልከቱ፣ ሲነካችሁ እስከ መደገፊያው ድረስ ጠለቅ ብላችሁ ተቀመጡ። የወንበሩን መከላከያ ብረት ከማውረዳችሁ በፊት አብሯችሁ ለተቀመጠው ንገሩት። ሕፃን ካለ ሠራተኛው በቆመበት በኩል ይቀመጥ። ልትደርሱ ስትሉ ብረቱን አንሱ፣ የስኪያችሁን አፍንጫ ቀና አድርጉ፤ መውረጃው ላይ ብድግ ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ ተንሸራተቱ። ጎንዶላ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ስኪውን አውልቆ ውጭ ባለው ማስቀመጫ ሰክቶ፣ ካቢኑ ውስጥ መቀመጥ ነው። ሆኖም ከመውጣታችሁ በፊት ከጫፉ ለጀማሪ የሚሆን መውረጃ መኖሩን ጠይቁ። በሰሜን አሜሪካ ቀላሉ መንገድ በአረንጓዴ ክብ ይታወቃል።

እኛን ይበልጥ የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። ሰልፉ ሁሉ የሚያየን ይመስለንና ሳንጠይቅ እንገባለን። ሠራተኛው እዚያ የቆመው ግን ለዚህ ነው፤ «የመጀመሪያዬ ነው፣ እባክህ ቀስ አድርገው» ስትሉት ወንበሩን ያዘገየዋል። ብትወድቁም ሊፍቱን ያቆመዋል፤ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚያደርገው ሥራው ነው። እንግዲህ ለቅዳሜው እሺ በሉ። ሰልፉ ሳይረዝም በጠዋት ድረሱ፣ ቲኬት ስትቆርጡ ለጀማሪዎች ሊፍት ብቻ የሚሆን ርካሽ ቲኬት እንዳለ ጠይቁ፣ ከተቻለ የአንድ ሰዓት አሰልጣኝ ያዙ። ጓንትም እንዳትረሱ።