የማይበሰብሰው ቆሻሻ፦ ከባድ ብረቶች በቆሻሻ መጣያ ዙሪያ ባለ አፈር

እስቲ አንድ የሙዝ ልጣጭና አንድ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በአንድ ጉድጓድ ቀበርን እንበል። ልጣጩ በጥቂት ወራት ውስጥ በረቂቅ ነፍሳት ተበልቶ ወደ አፈርነት ይለወጣል። የባትሪው የዚንክ ልባስም ውሎ አድሮ ዝጎ ከዓይን ይሰወራል። ዳሩ ግን የልጣጩ ሞለኪውሎች ሲፈርሱ የዚንኩ አቶሞች ዚንክ እንደሆኑ ይኖራሉ። ዚንክን ዚንክ የሚያሰኘው በኑክሊየሱ ውስጥ ያሉት 30 ፕሮቶኖች ናቸውና፤ ይህን ቁጥር መበስበስም ሆነ እሳት ሊለውጠው አይችልም።

እፍጋታቸው ከውኃ ከ5 እጥፍ በላይ የሆነና ከባድ ብረቶች የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ ይህ ጠባይ አላቸው። እርሳስ ከመኪና ባትሪ፣ ካድሚየም ዳግም ከሚሞሉ አንዳንድ ባትሪዎች፣ ክሮሚየም ከለፋ ቆዳ፣ ሜርኩሪ ከፍሎረሰንት አምፖል ወደ ቆሻሻ ክምር ይገባሉ። ክምሩ ቢቃጠል ከፊሉ ብረት በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉ በጢስና በብናኝ ይበተናል።

በተለምዶ «ቆሼ» የሚባለው የአዲስ አበባ የረጲ ቆሻሻ መጣያ ከ50 ዓመታት በላይ የከተማይቱን ቆሻሻ ተቀብሏል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜ አደጋውን አገር ሁሉ አየ። በአፈር ውስጥ የሚካሄደው ግን ድምፅ የለውም። እንዲህ ያለ፣ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ የሌለው መጣያ ዝናብ ሲዘንብበት ውኃው ብረቶቹን እያሟሟ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። የሸክላማ አፈር ቅንጣቶች ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ፖዘቲቭ የሆኑትን የብረት አየኖች ስቦ ይይዛል። አሲድነቱ ሲጨምር ግን የሃይድሮጂን አየኖች ስፍራቸውን ይቀማሉ፤ ብረቶቹም ተለቅቀው ወደ ከርሰ ምድር ውኃና ወደ ተክል ሥር ይጓዛሉ።

በዓይን የማይታየውን ብረት በምን እናውቀዋለን? አንዱ መንገድ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ነው። የአፈሩን ናሙና በኤክስሬይ ስንመታው ከአቶሞቹ ውስጠኛ ምሕዋር ኤሌክትሮን ይወጣል፤ ባዶውን ስፍራ ከላይ ያለ ኤሌክትሮን ሲሞላው የንጥረ ነገሩ መለያ የሆነ ኤክስሬይ ይፈነጥቃል። ሄንሪ ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳሳየው ጉልበቱ በአቶሚክ ቁጥሩ ይወሰናል። ከዚንክ ቁጥር ከ30 ላይ 1 ቀንሰን፣ 29ን በራሱ አባዝተን፣ ውጤቱን በ0.0102 ብናባዛ 8.58 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት እናገኛለን። በመሣሪያ የሚለካው 8.64 ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። የአርሴኒክ ዋና መስመር 10.54፣ የእርሳስ አንዱ መስመር ደግሞ 10.55 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ የተለመዱት መሣሪያዎች ሊለዩአቸው አይችሉም። ቸኩሎ የፈረደ ሰው እርሳሱን አርሴኒክ ይለዋል። ጥርጣሬውን የሚፈታው በ12.61 ላይ የሚገኘው ሌላው የእርሳስ መስመር ነው።

ብረቱ ተለክቶ መገኘቱም ብቻውን ብክለትን አያረጋግጥም። የአዲስ አበባ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አለት የመጣ ነው፤ ባዛልት ደግሞ በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ይዟል። ስለዚህ ከመጣያው ርቆ፣ ከነፋሱና ከፍሳሹ በላይ ባለ፣ ከተመሳሳይ አለት በተገኘ አፈር ማወዳደር ግድ ነው። ከጠቅላላው መጠን ሌላ ምን ያህሉ በቀላሉ ሟምቶ ወደ ተክል ሊገባ እንደሚችል መለካትም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በዚያ አፈር ላይ ጎመንና ሰላጣ ሊበቅል፣ ሕፃናትም ሊጫወቱበት ይችላሉና። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለእነርሱ ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ የገባን ብረት ማውጣት እጅግ አዳጋች ስለሆነ ርካሹ መከላከያ አስቀድሞ መለየት ነው። ያለቀውን ባትሪ ከሙዙ ልጣጭ ጋር ከመጣላችን በፊት ልዩነታቸውን እናስታውስ።