ስለ ስስ ፕላስቲክ ልዩ ልዩ ዓይነትና ስለ እህል አጠባበቅ

እህል ታጭዶና ተወቅቶ ከገባ በኋላ የገበሬው ድካም ተፈጸመ ብሎ የሚያስብ ሹም ብዙ ነው፤ የነቀዝ ሥራ ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በጥር ወር በነጭ ከረጢት ተሞልቶ የተቀመጠ በቆሎ በሐምሌ ሲፈታ ዱቄትና ቅርፊት ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱም «በፕላስቲክ ከትቼው ነበር» እያለ ይደነቃል። ይህም የፕላስቲክ ስሙ አንድ፥ ጠባዩ ግን ልዩ ልዩ መሆኑን ስላላወቀ ነው። ስለዚህ ለወረዳው ከረጢት የሚያስመጣ ሹምም ሆነ ለራሱ የሚገዛ ባለ እርሻ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ፕላስቲኩ ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደሚከለክል ነው።

ስስ ፕላስቲክ ለዓይን ቀዳዳ የሌለው ቢመስልም፥ የውሃ እንፋሎትና ኦክስጂን በውስጡ ቀስ እያሉ ያልፋሉ። አንዱን አጥብቆ የሚከለክል ሁሉ ሁለተኛውን አይከለክልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የበዛው ፖሊኤቲሊን የተባለው ነው። ይህንን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. ጊብሰንና ፎሴት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በእንግሊዝ አገር በታላቅ ግፊት ሲፈትኑ ሳያስቡት አገኙት። ለስላሳና ተለጣጭ ነው፤ በትኵስ ብረት ሲጫኑት አፉ ተጣብቆ ይዘጋል፤ ርጥበትንም ደኅና አድርጎ ይከለክላል፤ ኦክስጂንን ግን ያለ ብዙ ችግር ያሳልፋል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ሲግለር ያለ ታላቅ ግፊት የሚሠራበትን መንገድ ስላገኘ ጠጣሩ ፖሊኤቲሊን ወጣ። ይኸኛው ወተት መሳይ ሆኖ ሲጨብጡት ይንኰሻኰሻል፤ የሚያሳልፈውም ኦክስጂን ከለስላሳው በብዙ ያነሰ ነው። ሲንኰሻኰሽ የሚሰማው የገበያ ፌስታል የሚሠራው ከዚሁ ነው፤ ነገር ግን እጅግ ስለ ሳሳ ለእህል ማከማቻ አይረባም።

ፖሊፕሮፒሊን የተባለው በ1954 ዓ.ም. በኢጣሊያዊው በጁሊዮ ናታ ሥራ ታወቀ። የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ገደማ ነውና ከፖሊኤቲሊን ይልቅ ሙቀትን ይችላል። በሁለት ወገን ተወጥሮ ሲሳብ እንደ መስተዋት የጠራ የብስኩትና የመኰረኒ መጠቅለያ ይሆናል። በጥብጣብ መልክ ተሰንጥቆ ሲሸመን ደግሞ አገሩ ሁሉ «ማዳበሪያ» የሚለው ከረጢት ነው፤ ስሙንም ያገኘው የመሬት ማዳበሪያ ይዞ በመምጣቱ ነው። እንግዲህ ያ ነጭ ከረጢት ሽመና ነው እንጂ ድፍን ሉህ አይደለም። በጥብጣቦቹ መካከል አየር ይመላለሳል፤ ነቀዝም ይገባል። እህል ለመሸከም ከእርሱ የሚሻል ጥቂት ነው፤ ከነቀዝ ለመጠበቅ ግን እንደ ክፍት ጐተራ ነው። ፀሐይ ላይ ቢውልም ተሰባብሮ ያልቃል።

ከእንጨት የሚወጣው ሴሎፋን፥ ስዊሳዊው ብራንደንበርገር የፈለሰፈው፥ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ነገር ግን ቅብ ካልተቀባ በቀር እንፋሎትን አይከለክልም። ፖሊኤስተር ጠንካራና የማይለጠጥ ነው፤ ኦክስጂንን ከፖሊኤቲሊን እጅግ አብልጦ ይይዛል። አሉሚኒየም ሲነሰነስበት ብርሃንንም ስለሚከለክል ለተፈጨ ቡና ይመረጣል። ናይሎን በተቃራኒው ኦክስጂንን ይከለክላል፥ የውሃ እንፋሎትን ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ በፖሊኤቲሊን መካከል ተደርቦ ይሠራበታል።

ለእህል የሚጠቅመው ከረጢትም በዚሁ በመደረብ ሥርዓት የተሠራ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ በካሜሩን አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአገሩ ተመራማሪዎች ጋር የጀመሩት ሥራ ባለ ሦስት ሽፋኑን ከረጢት አስገኘ፤ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ከውጭ ሽምኑ ማዳበሪያ ክብደቱን ይሸከማል፤ በውስጡ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን፥ ማለት 0.08 ሚሊሜትር፥ የሚወፍሩ ሁለት የጠጣር ፖሊኤቲሊን ገበሮች አሉ። አፉ ሲታሰር በውስጥ የቀረው ነቀዝ ራሱ እየተነፈሰ ኦክስጂኑን ይጨርሰዋል። በአየር ውስጥ ከመቶ 21 የነበረው ከ5 በታች ሲወርድ ነቀዙ መብላት ይተዋል፤ ቆይቶም ደርቆ ይሞታል። ሰው በሚተኛበት ቤት እህል ውስጥ መርዛም ክኒን መጨመር የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ስለ ሆነ፥ ይህ ያለ መርዝ የሚሠራ መንገድ ሊወደድ ይገባዋል። ነገሩም ለአገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጕድጓድ ቀብሮ አፉን በጭቃ የሚመርገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጕድጓዱ ግን ከመሬት ርጥበት አያድንም።

ርጥብ እህል በዚህ ከረጢት ከተጨመረ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሻጋታ ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ ከተራው ጆንያ ይብሳል። መድረቁን ለማወቅ በደረቅ ጠርሙስ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ፥ ክዳኑን ገጥሞ፥ መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነውና ይሰጣ። ካልተጣበቀ በገበሩ ይሞላ፤ አየሩ ተጨምቆ ይውጣ፤ ሁለቱም ገበሮች ለየብቻቸው ተጠምዝዘውና ታጥፈው ይታሰሩ። ቶሎ ቶሎ መፍታትም አዲስ አየር ማስገባት ስለ ሆነ፥ ለቀለብ የሚሆነው በሌላ ዕቃ ይለይ።

ይህ ከረጢት ከተራው ይልቅ ስለሚወደድ ለሁሉ እህል አይገዛም። ጤፍን ነቀዝ ብዙ ስለማይደፍረው በተራ ዕቃ ቢቀመጥ ጉዳት የለበትም፤ ገንዘቡ ለበቆሎ፥ ለማሽላ፥ ለባቄላና ለዘር ይሁን። ያገለገለውም ከረጢት በሚመጣው ዓመት ከመሞላቱ አስቀድሞ እያንዳንዱ ገበር በአየር ተነፍቶ፥ አፉ ተይዞ፥ በእጅ ይጨመቅ፤ አየር እያፏጨ የሚወጣበት ቢገኝ ያ ገበር በአዲስ ይለወጥ።