የትራክተር ባትሪ በየጠዋቱ የሚደክመው ለምንድን ነው?

እንደ ማሴይ ፈርጉሰን 135 ያለ አሮጌ የናፍጣ ትራክተር ሞተሩ አንዴ ከተነሣ ያለ ባትሪም ይሠራል። ስለዚህ ዲናሞው ባትሪ መሙላት ቢያቆም ነጂው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል፤ የሚያውቀው በማግሥቱ ሞተሪኖው አልዞር ሲል ነው። የዘር ወቅት የማይጠብቀው ማኅበር አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይደክማል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የልማት ሠራተኛው እንዲመረምር የምናሳስበው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጊያውን በአውራ ጣት መጫን ነው። ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከረገበ ይጥበቅ፤ ከተሰነጠቀ ይለወጥ። ይኸው ቺንጊያ የውሃውን ፓምፕም ስለሚያዞር ነገሩ የመብራት ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የባትሪው ራሶች ይታዩ፤ ዝገት ካለባቸው አስቀድሞ ከሻሲው ጋር የተያያዘውን ገመድ ፈትቶ፣ በሙቅ ውሃ አጥቦና ፍቆ አጥብቆ ማሰር ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከዚህ አያልፍም።

ካለፈ ቮልት መለኪያ ያስፈልጋል። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ሊደርስ ይገባል። ምንም ካልጨመረ ዲናሞው፣ ሬጉላተሩ ወይም በመካከላቸው ያለው ሽቦ ይመርመር፤ ከ15 ካለፈ ግን ሬጉላተሩ ተበላሽቶ የባትሪውን ውሃ እያፈላ ነው።

አንዳንድ መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፈትተው ይሞክራሉ። ይህን አጥብቀን እንከለክላለን። ትራክተሩ በዲናሞ ፈንታ አልተርኔተር የገባለት ከሆነ ዳዮዶቹ ወዲያው ሊቃጠሉ ይችላሉ።