የቀላል ሄሊኮፕተር ንዝረት፦ ምንጩን መለየትና ማረም

(ትምህርታዊ ጽሑፍ፤ ከስዌይለህ)

እንደሚታወቀው ጨርሶ የማይነዝር ሄሊኮፕተር የለም። አደጋው የሚመጣው ሠራተኛው ንዝረቱን ለምዶ «ድሮም እንዲህ ነው» ማለት ሲጀምር ነው። የላላ ብሎን ወይም የሚሰነጠቅ ብረት መኖሩን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው ንዝረት ነውና። ስለዚህ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባናል፤ ፍጥነቱ ምን ያህል ነው? አቅጣጫው ወዴት ነው? የሚብሰውስ መቼ ነው?

የዮርዳኖስ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥልጠና የተረከበውን ሮቢንሰን አር 44 በምሳሌነት እንውሰድ። ባለ ሁለት ክንፍ ዋና ሮተሩ በደቂቃ 400 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 7 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጭራው ሮተር ግን በሴኮንድ 40 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ከዚህ በመነሣት፦

ሀ) በየዙሩ አንድ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ካነጠረ ክንፎቹ በአንድ ከፍታ አይዞሩም ማለት ነው። የክንፉን አንግል የሚወስነው ዘንግ ወይም በክንፉ ጀርባ ያለችው ማስተካከያ ቅጠል በመመሪያው መሠረት ይታረማል።

ለ) በየዙሩ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ከወዘወዘ የክብደት ሚዛን ተዛብቷል። ክብደት በመጨመር ወይም በመቀነስ ይስተካከላል።

ሐ) በየዙሩ ሁለት ጊዜ መነዘር የባለ ሁለት ክንፍ ሮተር ጠባይ ነው። ከወትሮው ከበረታ ግን የማርሽ ሳጥኑ ማሠሪያዎች ይመርመሩ።

መ) በፔዳሉ በኩል እግርን የሚያደነዝዝ ደቃቅ ንዝረት ወደ ጭራው ሮተር፣ ወደ ኩሽኔታውና ወደ ዘንጉ ያመለክታል።

ባለ ሦስት ክንፍ በሆነው አሉዌት 3 ላይ ሌላ አደጋ ይጨመራል። የክንፎቹን የፊትና የኋላ ውዝዋዜ የሚያበርደው አሞርዛተር ከደከመ፣ መሬት ላይ ሳለ መናወጡ በሴኮንዶች ውስጥ አድጎ አካሉን ሊሰባብር ይችላል። ሮተሩ በሙሉ ፍጥነት ላይ ከሆነ አብራሪው ወዲያው ከመሬት መነሣት፣ ካልሆነም ሞተሩን አጥፍቶ ሮተሩን ማቆም አለበት።

በጥገና ጊዜ ቅደም ተከተሉ አይዘለል። በመጀመሪያ ቆሻሻ፣ መላላትና መበላት ይፈተሽ፤ ሚዛን ማስተካከል ከዚያ በኋላ ነው። የተበላ ኩሽኔታን ትቶ ክብደት መለጠፍ፣ በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን እንደ ማብረድ ይቆጠራል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ውጤቱም በመዝገብ ይስፈር። በበረራ ላይ በድንገት የመጣ አዲስ ንዝረት ግን ቶሎ አርፎ መመርመርን እንጂ መጠበቅን አይፈቅድም።

ጓዶች፣ መለኪያ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል። «ይህ ሄሊኮፕተር ዛሬ አይበርም» ብሎ በመዝገቡ ላይ የሚፈርም ባለሙያ ግን የሚገኘው በትምህርትና በሥነ ሥርዓት ነው። ለአገራችን ይዘን መመለስ ያለብን ይህንን ነው።