መሶቡ ጌጥ ባይኖረውም እንጀራ ይይዛል

እህት ዓለም፣ ያንን የጀመርሽውን ሙዳይ ከአልጋ ሥር አውጪው። «ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ደግሞ ስፌት? ለማን ብዬ?» ትያለሽ። ለራስሽ ነዋ! ልትሸጪው ከሆነ ይቅርብሽ፤ ገበያው ላይ ካንቺ የሚፈጥኑ ሞልተዋል። እኔ የምልሽ ሌላ ነው።

የእናታችንን መሶብ እስቲ ቀረብ ብለሽ እዪው። እንጀራ ለመያዝ ያ ሁሉ ጌጥ አያስፈልገውም፤ ቀለም ያልነካው ሣር ይበቃው ነበር። እሷ ግን ውሃ ስትቀዳ፣ ስታቦካ፣ ስትጋግር ውላ፣ ማታ ቁጭ ብላ ቀዩን አለላ ከአረንጓዴው ጋር ታማርጥ ነበር። ሥራ ፈትታ አይደለም። የጋገረችው ይበላል፣ ያጠበችው ይቆሽሻል፣ ነገ እንደገና ከመጀመሪያው። መሶቡ ግን እሷ እንዳሰበችው ሆኖ ይኸው እስካሁን አለ። ከቀኗ ውስጥ ለራሷ የወሰደችው ያንን ነው።

ደግሞ የእጅ ሥራ ብቻ አይምሰልሽ። ወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ የለም። ከእምብርቱ ተነስቶ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስፌቱም ይበዛል፤ ስለዚህ ቀዩ የት እንደሚያበቃ፣ ጥቁሩ ከየት እንደሚገባ ሰፊዋ በልቧ እየቆጠረች ነው ወስፌውን የምትወጋው። ቁጥሩ ከሳታት አበባው ይንሻፈፋል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ይህን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው፣ ጎረቤት እያጫወቱ ይሰፉት ነበር። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሐረር ጀጎልን ታውቂ የለ? በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ቤቶቹም ጭምር ናቸው። እዚያ የጥንቱ የሐረሪ ቤት ውስጥ ስትገቢ ግድግዳው ላይ የተደረደረው የሴቶቹ ስፌት ነው። አብረው ተቀምጠው ይሰፉታል፤ ሙሽራም ስትዳር ስፌቷን ይዛ ትገባለች። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የእጃቸው ሥራ ላይ ነው። «አርቲስት ነሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም ፈቃድ አልጠበቁም።

«ተሰጥኦ የለኝም» የምትዪውን ደግሞ አልሰማሽም። ቄጤማ ጎዝጉዘሽ፣ ስኒውን ረከቦቱ ላይ ስትደረድሪ፣ አንዷ ከመስመር ብትወጣ ተመልሰሽ የምታስተካክዪው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ያ ዓይን ነው የሚያስፈልግሽ። ስልክሽ ላይ የሌሎች ሰዎችን ያለቀ ሥራ እያየሽ የራስሽን ጅምር አትናቂ፤ እነሱ ሲፈቱና ሲያበላሹ የሚያሳይ ቪዲዮ አይለቁም።

መሶብ ግን እንዳትጀምሪ። ትልቅ ነው፣ መሐል ላይ ይሰለችሻል። ያችን ሙዳይ ጨርሺ፤ ጉትቻሽን ታስቀምጪባታለሽ። አለላውን በውሃ አርጥቢው፣ ደረቁ እየተሰበረ ያበሳጭሻል። እራት ከተበላ በኋላ ቴሌቪዥኑን ዝጊና ሁለት ዙር ብቻ ስፊ፤ ከዚያ በላይ ዓይንሽ ይደክማል። ልጅሽንም አጠገብሽ አስቀምጫት። ወስፌውን አሁን አትስጫት፣ እጇን ትወጋለች። አለላውን በየቀለሙ ትለይልሽ፣ ከቀዩ ቀጥሎ ምን ይግባ ብለሽም ጠይቂያት። ሐምራዊ ካለችሽ፣ ባይጥምሽም ሐምራዊ አስገቢ።